ብረቱ መጨረሻ ላይ ነው፦ በተራራ ግርጌ የብረት መጋዘን ለመሥራት ለምታስቡ

(ይህ ኮምቦልቻ ላይ፣ ገጠር መሬት ላላቸው ሰዎች በቃል የተናገርኩት ነው። ለንባብ እንዲመች ትንሽ አስተካክዬዋለሁ። ጥያቄዎቹን ግን በተነሱበት ቦታ ትቻቸዋለሁ።)

አሰላሙ አለይኩም፣ እንደምን ዋላችሁ። ሥራችሁን ትታችሁ ስለመጣችሁ አላህ ይስጥልኝ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ዛሬ የምናወራው ስለ ብረት ቤት ነው። ስለ መኖሪያ ቪላ አይደለም። ከቤት ጀርባ ወይም ከማሳ ዳር ስለሚቆም መጋዘን ነው። በቱቦላሬ፣ ማለትም ውስጡ ባዶ በሆነ ባለ ማዕዘን ብረት፣ እና በቆርቆሮ የሚሠራ፣ ድርቆሽ የሚገባበት፣ እህል የሚቀመጥበት፣ የውሃ ፓምፑና ማዳበሪያው የሚያድርበት። ከእናንተ ብዙዎቻችሁ ኑሯችሁ ከተማ ነው። ሱቅ አላችሁ፣ ፋብሪካ ትሠራላችሁ፣ ኢሱዙ ትነዳላችሁ። መሬቱ ግን ወላጆቻችሁ ጋር ነው፤ ቃሉ ውስጥ፣ ደሴ ዙሪያ፣ ገራዶ በኩል፣ ወይ ከሐረጎ ግርጌ። እና ሁላችሁም የምታስቡት አንድ ነው፤ "እንጨቱን ምስጥ ፈጀው፣ በብረት ሠርቼ ልገላገል።"

ሐሳቡ ጥሩ ነው፣ እኔም እደግፈዋለሁ። ግን አንድ ነገር አለ። ብረት ቤት ቶሎ ይቆማል። ጎበዝ በያጅ ከረዳቶቹ ጋር አጥንቱን በሳምንት ውስጥ ያቆመዋል። ቶሎ ስለሚቆም ደግሞ ሰው ከብረቱ በፊት ያለውን ሥራ ይዘለዋል። ወረቀቱን ይዘላል። ተዳፋቱን ይዘላል። የውሃውን መሄጃ ይዘላል። ቀድሞ ብረት ይገዛል፣ ብረቱ ግቢ ውስጥ ተከምሮ ዝናብ ሲመታው ይቸኩላል፣ ከዚያ "ፈቃዱ ይደርሳል" ብሎ በያጅ ይጠራል። ልነግራችሁ የመጣሁት ይህንኑ ነው። ብረት የሚገዛው መጨረሻ ላይ ነው።

ከወረቀቱ ልጀምር፣ ሰው የሚፈራው እሱን ስለሆነ።

የመጀመሪያው ጥያቄ ስለ ንድፍ አይደለም። መሬቱ በማን ሥር ነው? ደሴም ኮምቦልቻም የከተማ አስተዳደር ናቸው፤ በሥራቸው ግን የገጠር ቀበሌዎችም አሉ። ከተማ እየሰፋ ሲሄድ ትናንት ማሳ የነበረው ዛሬ ፕላን ውስጥ ገብቶ ይገኛል። ባለቤቱ በሬ እየጠመደበት፣ ካርታው ላይ ግን መንገድ ተሰምሮበት ይሆናል። ስለዚህ ሄዳችሁ ጠይቁ። ቀበሌ ጠይቁ፣ ከዚያ የከተማውን ፕላን ያዩ ሰዎችን ጠይቁ። "ጎረቤቴ ሠርቷል" መልስ አይደለም። ጎረቤታችሁ ከመስመሩ ወዲያ ሊሆን ይችላል፣ እናንተ ከመስመሩ ወዲህ።

ከተማ ፕላን ውስጥ ከሆናችሁ መንገዱ የሕንጻ ሕጉ መንገድ ነው። የሕንጻ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ያበጀው አካሄድ ሦስት ደረጃ ነበረው፤ ሕግ ይሻሻላልና አሁን የሚሠራበትን ከከተማው አረጋግጡ። መጀመሪያ የፕላን ስምምነት፤ እዚህ ቦታ ላይ እንዲህ ያለ ነገር መሥራት ይቻላል ወይ የሚለው ይመለሳል። ቀጥሎ የግንባታ ፈቃድ፤ ንድፉ ይታያል። መጨረሻ ላይ የመጠቀሚያ ፈቃድ የሚጠየቅበት ሕንጻ አለ። ያ አዋጅ ሕንጻዎችን በሦስት ምድብ ይከፍል ነበር። "ሀ" የሚባለው ባለ አንድ ወለል ሆኖ በሁለት ተሸካሚ መዋቅሮች መካከል ያለው ርቀት 7 ሜትር ወይም ከዚያ በታች የሆነ ነው። ከ7 ሜትር ካለፈ "ለ" ይሆናል። ፋብሪካ፣ ወርክሾፕ፣ ለሕዝብ አገልግሎት የሚውል ሕንጻ፣ ወይም ቁመቱ ከ12 ሜትር በላይ የሆነ ደግሞ "ሐ" ነው።

ይቺ የ7 ሜትር ነገር፣ በእናንተ መጋዘን ወርዱ ማለት ናት፣ ትልቅ ነገር ናት፤ ቆም ብለን እንያት። ገበያ ላይ ያለው ቱቦላሬ 6 ሜትር ርዝመት አለው። አንዱን ለሁለት ብትቆርጡት ሁለት የ3 ሜትር ቋሚ ይወጣዋል፣ ፍርፋሪ የለም። ጣሪያው ወደ አንድ ጎን የሚወርድ ከሆነ አንዱ 6 ሜትር ብረት ወጣ ያለውን ክፈፍ ጨምሮ ወርዱን በሙሉ ይሸፍናል፤ የቤቱ ወርድ 5 ሜትር ከምናምን ይመጣል። ስለዚህ ወርዱን 6 ሜትር ውስጥ የያዘ ሰው ብረት አያባክንም፣ ከ"ሀ" ምድብም አይወጣም። "8 ሜትር ይሁንልኝ፣ ኢሱዙዋ እንድትዞር" ያለ ሰው ግን ምድብ ለወጠ፣ የሚፈለገው ንድፍና ባለሙያ ጨመረ፣ ብረቱም ወፈረ። ቦታ ካነሳችሁ ወርዱን አትጨምሩ፤ ርዝመቱን ጨምሩ። ቋሚዎቹን እየደገሙ መሄድ ቀላል ነው።

አጠቃቀሙንም በትክክል ጻፉ። "መጋዘን" ብሎ አስፈቅዶ ውስጡ የብየዳ ወርክሾፕ የከፈተ ሰው ሌላ ምድብ ውስጥ ነው ያለው። እሳት ሲነሳ፣ ሰው ሲጎዳ፣ ባንክ ብድር ሲጠየቅ ወረቀቱ ይገለጣል። ያኔ ማስረዳት ከባድ ነው።

ከፕላን ውጪ፣ ንጹህ ገጠር ውስጥ ከሆናችሁስ? ያኔ ዋናው በር የወረዳው ገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም ጽሕፈት ቤት ነው፤ ከሱ በፊት ደግሞ የቀበሌው የመሬት ኮሚቴ። የ2001ዱ የሕንጻ አዋጅ ከከተማ ውጪም ቢሆን የሕዝብ መገልገያ ሕንጻን፣ ኢንዱስትሪንና አግሮ ኢንዱስትሪን ይከተል ነበር። ለራስህ እርሻ የሚሆን የድርቆሽ ቤት አንድ ነገር ነው። ለኪራይ የሚሆን የእህል መጋዘን፣ ወፍጮ፣ የዶሮ ማቀነባበሪያ ሌላ ነገር ነው። የእርሻ መሬት ለንግድ ሥራ ሲውል የመሬት አጠቃቀም ለውጥ ነው፤ ያንን የሚፈቅድላችሁ የቀበሌ ሊቀመንበር ቃል ሳይሆን ጽሑፍ ነው። በቃል የተፈቀደ ነገር ሰውየው ሲቀየር አብሮ ይሄዳል።

እዚህ ላይ አንድ አባት እጃቸውን አወጡ። "ልጄ፣ የመሬቱ ደብተር የኔና የባለቤቴ ነው። ብሩን የሚያወጣው ልጄ ነው። ታዲያ ቤቱ የማን ነው?"

አባቴ፣ ከሁሉም በላይ መጠየቅ ያለበት ይሄ ነው። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 ላይ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ይላል። እዚያው አንቀጽ ውስጥ ግን ሰው በጉልበቱ ወይም በገንዘቡ መሬት ላይ በሠራው የማይንቀሳቀስ ንብረት ላይ ሙሉ መብት አለው ይላል። የመሬቱ ይዞታ የእርስዎና የባለቤትዎ ነው። የብረቱ ገንዘብ የልጅዎ ነው። ሁለቱ ነገሮች አንድ ቦታ ላይ ሲቆሙ በወረቀት ካልተለዩ፣ ዛሬ ፍቅር ነው፣ ነገ የውርስ ጥያቄ ሲመጣ ወንድምና እህት ይካሰሳል። እኔ የምለው ይሄ ነው። እናት መጀመሪያ ይጠየቁ፤ ደብተሩ ላይ የሳቸውም ስም አለ፣ የሳቸው ፈቃድ ከሌለ ስምምነቱ ግማሽ ነው። ከዚያ ሌሎቹ ልጆች ባሉበት ተነጋገሩ። ማን ገንዘብ እንዳወጣ፣ ማን እንደሚጠቀም፣ ወላጆች ባይኖሩ ምን እንደሚሆን ጻፉት። አዋሳኞች ይፈርሙ። ከዚያ ወረዳው ይመዝግበው። ሽማግሌ ፊት የተባለ ቃል በአገራችን ክብር አለው፤ ጽሑፍ ሲጨመርበት ደግሞ ልጅ የልጅ ልጅ ያነበዋል።

አዋሳኝ ካልኩ አይቀር፣ ድንበሩን ከመቆፈራችሁ በፊት አስለኩ። ሁለተኛ ደረጃ የይዞታ ማረጋገጫ ያላችሁ ሰዎች ካርታ አላችሁ፣ ተጠቀሙበት። አሮጌው ደብተር ብቻ ያላችሁ ደግሞ አዋሳኞችን በአካል ጠርታችሁ፣ ድንጋዩ ላይ ቆማችሁ፣ "እዚህ ነው" ተባባሉ። ከድንበሩ ገባ በሉ። የጣሪያው ክፈፍ ከግድግዳው ወጣ እንደሚል፣ ውሃም ከክፈፉ ወጥቶ እንደሚፈስ አስቡ። የመብራት መስመር ከላይ ካለፈ፣ አስፋልት ከጎን ካለፈ፣ ምንጭ ከታች ካለ፣ ምን ያህል መራቅ እንዳለባችሁ የሚመለከተውን መሥሪያ ቤት ጠይቃችሁ በጽሑፍ ያዙ። ብረት ቋሚ ከመብራት ሽቦ ሥር ማቆም የሰው ነፍስ የሚያጠፋ ነገር ነው።

ወረቀቱ ይብቃ። ወደ መሬቱ እንሂድ፣ ዋናው ነገር እዚያ ነው ያለው።

ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ናት። ኮምቦልቻ 1,850 አካባቢ። በመሀላቸው ያለው 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እኛ የምንኖረው በአንድ ትልቅ ዳገት ላይ ነው ማለት ነው። የጦሳ ተራራና አዝዋ ገደል ደሴን ግራና ቀኝ ይዘዋታል፤ የቦርከና ወንዝ ከመሀል ወጥቶ እኛ ጋ ይወርዳል። የደሴ ሰው የመሬት መንሸራተት ምን እንደሆነ ከኔ በላይ ያውቃል። ጎፋ ላይ ሐምሌ 2016 የሆነውን ሁላችንም ሰምተናል፤ ከ200 በላይ ሰው ነው ያለቀው። ተራራ ግርጌ መሬት ሲያምር፣ ለም ሲሆን፣ ለምን ለም እንደሆነ ጠይቁ። አንዳንዱ አፈር ከላይ ተንዶ የመጣ ነው። አንዴ የመጣ ደግሞ እንደገና ሊመጣ ይችላል።

ምልክቱን በዓይን ማየት ይቻላል። ዛፎቹን እዩ። ግንዳቸው ከሥሩ ጎበጥ ብሎ ወደ ላይ የተቃና ባሕር ዛፎች በአንድ መስመር ካያችሁ፣ መሬቱ ቀስ እያለ እየሄደ ሊሆን ይችላል። ክረምት ሲወጣ ቦታው ላይ ዙሪያውን ከብቦ የሚሰነጠቅ አፈር አለ? ድሮ ያልነበረ ምንጭ ከመሀል ይፈልቃል? የድንጋይ አጥሩ በየዓመቱ ሆዱን ይገፋል? እነዚህ ካሉ ቦታ ቀይሩ። ፈቃድ ቢሰጣችሁም ቀይሩ። ወረቀት ናዳ አያቆምም።

ተዳፋቱን ደግሞ ለኩ። መሣሪያ አያስፈልግም። ግንበኞች የሚይዙት ውሃ ልክ አለ፤ ነጩ፣ ውስጡ የሚታየው ቀጭን ቱቦ። አየር እስኪወጣ ድረስ ውሃ ሙሉት። አንድ ሰው ላይኛው ጫፍ ይቁም፣ አንድ ሰው በገመድ 10 ሜትር ለክቶ ታች ይቁም። ገመዱ መሬቱን ተከትሎ ሳይሆን አየር ላይ ተወጥሮ አግድም ይለካ። ሁለቱም እንጨት ያቁሙ፣ ውሃው ሁለቱም ጋ እስኪረጋ ይጠብቁ፣ በሁለቱም እንጨት ላይ ውሃው የቆመበትን በእርሳስ ያስምሩ። ከዚያ እያንዳንዳቸው ከመሬት እስከ ምልክቱ ይለኩ። ላይኛው 40 ሳንቲም፣ ታችኛው 2 ሜትር ከ20 ቢሆን ልዩነቱ 1 ሜትር ከ80 ነው። በ10 ሜትር 1 ሜትር ከ80 ማለት 18 በመቶ ተዳፋት ነው። በቃ። ጠዋት ጀምራችሁ ለቁርስ ትደርሳላችሁ፤ ይቺን ቁጥር የያዘ ሰው ግን ከመሐንዲስም ከግንበኛም ጋር ሲነጋገር አይታለልም።

ቁጥሩ ለምን ይጠቅማል? የ1997ቱ የፌዴራል የገጠር መሬት አዋጅ ከ60 በመቶ በላይ ተዳፋት ያለው መሬት እንዳይታረስ፣ ልቅ ግጦሽም እንዳይሆን ከልክሎ ነበር፤ ለዛፍ፣ ለቋሚ ተክልና ለመኖ ብቻ። ከ31 እስከ 60 በመቶ ያለው ደግሞ እርከን ተሠርቶለት እንዲታረስ። ሊታረስ የማይገባውን መሬት ቆርጦ ቤት መትከል ምን እንደሚያመጣ አስቡት።

ቁጥሩ ገንዘብም ነው። 6 በ10 ሜትር የሆነ ቤት አላችሁ እንበል። መሬቱ 30 በመቶ ነው። ረጅሙን ጎን ከተራራው ጋር አግድም ካደረጋችሁት ከላይኛው ግድግዳ እስከ ታችኛው ያለው ልዩነት 1 ሜትር ከ80 ነው። አዙራችሁ ረጅሙን ወደ ቁልቁለቱ ካደረጋችሁት 3 ሜትር ይሆናል። ቤቱ አንድ ነው፣ ብረቱ አንድ ነው። ቁፋሮውና የድጋፍ ግንቡ ግን በጣም ይለያያል። ስለዚህ ቤቱ ተራራውን ተከትሎ ይተኛ።

ሌላው ጣጣ ግማሽ ቆርጦ ግማሽ መሙላት ነው። ከላይ ይቆፈራል፣ አፈሩ ታች ይደፋል፣ ደልዳላ ሜዳ ይወጣል፣ ደስ ይላል። ግን ግማሹ ቋሚ በድሮው ጠንካራ መሬት ላይ፣ ግማሹ በትናንት ሙሌት ላይ ይቆማል። አንድ ክረምት ካለፈ በኋላ የታችኛው ይሰምጣል። በር አይዘጋም፣ ቆርቆሮው ከሚስማሩ ይቀደዳል። መፍትሔው ሁሉም መሠረት ያልተነካ መሬት እስኪገኝ ወርዶ እንዲቆፈር ነው፤ የታችኛው ጉድጓድ ጠልቆ፣ የላይኛው አጥሮ። ሙሌቱ ወለል ይሁን፣ ቋሚ አይሸከም። ታች ሜዳው ላይ፣ ዋልካ የሚባለው ጥቁር ጭቃ አፈር ያለበት ደግሞ ሌላ ነው። ዋልካ ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል። እሱ ላይ ያለ ቀላል የብረት ቤት እየተነሳ እየወረደ ይኖራል። እዚያ አፈሩን አውጥቶ በጥሩ ድንጋይና ገረጋንቲ መተካት ወይም ዋልካውን አልፎ መውረድ ነው።

አሁን ውሃ። እዚህ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ተራራ ግርጌ የሚፈርሰው አብዛኛው ነገር በውሃ ነው የሚፈርሰው።

60 ካሬ ጣሪያ ላይ 1 ሚሊሜትር ዝናብ ሲዘንብ 60 ሊትር ነው። በአንድ ሰዓት 30 ሚሊሜትር የሚወርድበት ዶፍ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ታውቁታላችሁ። ያ 1,800 ሊትር ነው። ዘጠኝ በርሜል። ድሮ ያ ውሃ 60 ካሬ ሣር ላይ ተበትኖ ይሰርግ ነበር። አሁን በአንድ አሸንዳ ተሰብስቦ በአንድ ቱቦ አንድ ቦታ ላይ ይደፋል። የት? መሠረታችሁ ሥር ከሆነ መሠረታችሁን፣ የጎረቤት ማሳ ላይ ከሆነ ጉርብትናችሁን ይበላል። ስለዚህ ንድፉ ላይ የውሃው መሄጃ እንደ በርና መስኮት ይሳል። ታንከር ውስጥ ይግባ፣ ሲሞላ በድንጋይ የተነጠፈ ቦይ ይዞት ወደ ተፈጥሮ መውረጃው ይሂድ።

ከጣሪያው በላይ የሚያሰጋው ግን ከላይ የሚመጣው ነው። ከቤቱ በላይ በኩል የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ ቆፍሩ፤ ቤቱን አልፎ ዞሮ እንዲወርድ። ቦይ አቅጣጫና ቁልቁለት ማውጣት ለቀበሌያችሁ የልማት ሠራተኛ የዕለት ሥራው ነው። እርከን ሲሠሩ የኖሩ አባቶችም አሉ። የወሎ ገበሬ ድንጋይ ሲደረድር ማየት ደስ ይላል፤ ውሃው የት እንደሚገፋ በእጁ ያውቀዋል። እነሱን ጥሩ፣ ክፈሏቸው፣ የሚሉትን ስሙ። የድጋፍ ግንብ ከሠራችሁ ደግሞ ከኋላው ጠጠር ይሙላ፣ ውሃ ማስወጫ ቀዳዳ ይተውለት። ቀዳዳ የሌለው ግንብ ከኋላው ውሃ ሲጠራቀም ምንም ቢወፍር ይገፋል።

አንዲት እህት ጠየቀች፤ "የመሬት መንቀጥቀጥስ? ብረት ይሻላል ይባላል።"

እውነት ነው፣ ይሻላል። እኛ ያለነው ስምጥ ሸለቆው ዳር ላይ ነው። በ1953 ግንቦትና ሰኔ የካራ ቆሬው መንቀጥቀጥ ማጀቴን አፍርሷታል፣ ካራ ቆሬን ክፉኛ ጎድቷል፤ ከከሚሴ ትንሽ አለፍ ብሎ ማለት ነው፣ ሩቅ አይደለም። መንቀጥቀጥ ክብደትን ነው የሚመታው። ብረትና ቆርቆሮ ቀላል ስለሆነ ጉዳቱ ይቀንሳል። ግን አንዳንድ ሰው በብረት ይጀምርና ቋሚዎቹን መሀል መሀል በብሎኬት ይሞላቸዋል፣ ብሎኬቱ ከብረቱ ጋር በምንም አልተያያዘም። ያ ግድግዳ ነው ሰው ላይ የሚወድቀው። ብሎኬት ከፈለጋችሁ በፌሮ ከቋሚው ጋር ይታሰር፣ ወይ ከወገብ በላይ አይለፍ።

ለቀላል ቤት ዋናው ጠላት ነፋስ ነው። ሒሳቡን ላሳያችሁ። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የሚሮጥ ነፋስ ፊቱ ክፍት የሆነ መጋዘን ውስጥ ሲገባ ጣሪያውን በካሬ ወደ 40 ኪሎ በሚጠጋ ጉልበት ወደ ላይ ሊያነሳው ይችላል። 60 ካሬ ላይ 2,400 ኪሎ ነው። ቆርቆሮውና ተሸካሚ ብረቱ አንድ ላይ በካሬ 10 ኪሎ ቢመዝን 600 ኪሎ ነው። የቀረውን 1,800 ኪሎ ማን ይያዘው? መሠረቱ ነው የሚይዘው። 60 በ60፣ ጥልቀቱ 80 ሳንቲም የሆነ የኮንክሪት መሠረት ወደ 690 ኪሎ ይመዝናል። ስምንት ቋሚ ካላችሁ ከ5,000 ኪሎ በላይ አላችሁ፤ ይበቃል። ግን የሚበቃው ቋሚው ከኮንክሪቱ ጋር በአንከር ቦልት (ኮንክሪቱ ውስጥ በሚቀበር ብሎን)፣ ጣሪያው ከቋሚው ጋር በደንብ ብየዳ ከተያያዘ ነው። ቱቦላሬውን ጉድጓድ ውስጥ አቁሞ በድንጋይ ጠቅጥቆ መሄድ ለአጥር ይሆናል እንጂ ለጣሪያ አይሆንም። ይሄ ማሳያ ነው፣ የእናንተን ቤት ግን መሐንዲስ በቦታችሁ ያስላው። በግድግዳና በጣሪያ ላይ ሰያፍ ማጠንከሪያ መኖሩንም አረጋግጡ። በያጅ ስትከራከሩት የሚቀንሰው መጀመሪያ እሱን ነው።

የቋሚውን እግር ቀርባችሁ እዩት። ብረት ቤት የሚሞተው ከእግሩ ነው። መሬት ላይ የተቀመጠ ብረት፣ ዙሪያውን ፍግ፣ የከብት ሽንት፣ የፈሰሰ ዩሪያ ያለበት፣ በጥቂት ዓመት ውስጥ ቀለሙ ያብጣል፣ ከሥሩ ቡናማ ቅርፊት ይነሳል፣ በጣት ሲጫን ይፈርሳል። ስለዚህ ኮንክሪቱ ከወለሉ 30 ሳንቲም ያህል ከፍ ይበል፣ ብረቱ እዚያ ላይ ይቀመጥ። ብየዳ የነካው ቦታ ሁሉ ተፍቆ አንቲረስት ይቀባ፤ ከመስቀሉ በፊት፣ መሬት ላይ እያለ። ከተሰቀለ በኋላ ከላይ በኩል ያለውን ማንም አይቀባውም።

ደሴና ኮምቦልቻ አንድ ዓይነት ቤት አይሠራባቸውም። ደሴ በኩል ጉም አለ፣ ሌሊቱ ይበርዳል። ሌሊት የቀዘቀዘ ቆርቆሮ ከውስጥ ያልበዋል፤ ጠዋት ድርቆሹ ላይ ይንጠባጠባል፣ እህሉ ይሻግታል። ጣሪያው ሥር በሁለቱም ጎን የአየር መተላለፊያ ተዉ፣ በሽቦ ወንፊት ሸፍኑት። እህሉ ከወለሉ ከፍ ይበል፣ ከግድግዳውም ይራቅ። በረዶ አሸንዳ ይደፍናል፣ አሸንዳው ሰፊ ይሁን። ኮምቦልቻ ሙቀት ነው፤ ከፍ ያለ ጣሪያ፣ ሰፊ አየር። መብረቅ ለሁለቱም ነው፣ ብረቱን ከመሬት ጋር የሚያገናኝ ኧርዝ ባለሙያ ያስገባላችሁ።

ጊዜውን በተመለከተ፣ ክረምት ላይ ቦታውን ተመላልሳችሁ እዩ። ውሃው የት እንደሚሄድ እሱ ራሱ ያሳያችኋል። ወረቀቱንም ያን ጊዜ አስኬዱ። ጥቅምት ላይ መሬቱ ሲጠነክር ቁፋሮ፣ ከዚያ መሠረት፣ ከዚያ ብረት። የበልግ ዝናብ ሳይጀምር ጣሪያ ይልበስ።

የመጨረሻው ጥያቄ ከኋላ ከተቀመጠ ወጣት መጣ፤ ተገቢ ጥያቄ ነው። "ወንድሜ፣ አንተ ብረት መጨረሻ ትላለህ። ዋጋው ግን በየሳምንቱ ይጨምራል። ፈቃድ ስጠብቅ ብሬ አለቀ ማለት ነው።"

ገብቶኛል። የብረት ዋጋ የሁላችንም ራስ ምታት ነው። ግን የሚያከስረው ወርዱን ሳትወስን መግዛት ነው። 8 ሜትር ብለህ ገዝተህ "7 አትለፍ" ብትባል የቆረጥከውን ማን ይመልስልሃል? ስለዚህ ቦታውን ለክተህ፣ ቀበሌና ወረዳ ጠይቀህ፣ ንድፉ ላይ ወርዱና የብረቱ ውፍረት ከተጻፈ በኋላ፣ ፈቃዱ እጅህ ባይገባም፣ ከሁለት ሦስት ሱቅ ፕሮፎርማ ሰብስብ። አቅም ካለህ ያን ጊዜ ብረቱን ግዛ፣ አትቁረጠው እንጂ። ሲሚንቶ ግን አስቀድመህ አትግዛ፤ ተቀምጦ ጉልበቱን ያጣል፣ እርጥበት ካገኘው ድንጋይ ይሆናል። ቱቦላሬውን ከመሬት አንስተህ እንጨት ላይ ደርድረው። ቆርቆሮውንም ደራርበህ ሜዳ ላይ አትተወው፤ በመሀሉ ውሃ ከገባ ሳይሰቀል ነጭ ዝገት ያወጣል። በአንድ ጫፍ ከፍ አድርገህ፣ ሸራ አልብሰው፣ ጎንና ጎኑን ለአየር ክፍት ተውለት።